መግቢያ የሌላት ዓቢዳ

መርሳ ውስጥ የሐጂ ኡበይደላን ልጅ ዓቢዳን አንዴ ያነጋገራት ሰው አይረሳትም። ሌላው «እንዴት ሰነበትክ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ዝናቡስ» እያለ ዙሪያውን ሲዞር እሷ ከመሀል ትጀምራለች። ጎረቤቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ብትመጣ «አጥሮብሻል» ትላለች። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ሲያስረዝሙ እጇን አውጥታ «አሁን ምን እንድናደርግ ነው የፈለጉት?» ትላለች። ክፋት የለባትም። ቃል ማባከን አትወድም፣ በቃ።

ዓቢዳ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ናት። በዚያ ዓመት የአካባቢው የቋንቋ መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ እየወጡ የድርሰት አጻጻፍ ሥልጠና እንዲወስዱ ሲባል ከትምህርት ቤቷ የተላከችው እሷ ነበረች። አሠልጣኙ ሙጃሂድ የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሲናገር እጆቹን ወደፊት ይዘረጋል፣ የሆነ ነገር ተቀበሉኝ የሚል ይመስላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ አመዛዛኝ ድርሰት፣ አንድ አቋም ይዞ የሚሟገት ጽሑፍ ማለት ነው፣ እንዲጽፉ አዘዛቸው። ርዕሱ «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ትምህርት ቤት መግባት አለባቸው ወይስ የለባቸውም?» የሚል ነበር።

በሳምንቱ ወረቀቷ ሲመለስላት ዓቢዳ ዓይኗን ማመን አቃታት። የድርሰቷ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር «የለባቸውም» ይላል። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ፣ «መግቢያ የለውም። ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነው» ተብሎ ተጽፎበታል። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ስልካችሁን ቤት አስቀምጡ» ብላ የዘጋችበት ቦታ ደግሞ፣ «ይህ መደምደሚያ ነው ወይስ የዘበኛ ማስጠንቀቂያ?» ይላል።

ለእረፍት ሲወጡ ሌሎቹ ወደ ሻይ ቤት ሮጡ። እሷ ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛው ፊት ቆመች።

«ምን ጎደለው?»

ሙጃሂድ ቀና አለ። «እንደምን አደሩ፣ መምህርት።»

«ደህና። ምን ጎደለው?»

«አሁን ከሰላምታዎ የጎደለው ነው ከድርሰቱም የጎደለው» አለና ፈገግ አለ።

ዓቢዳ ፈገግታውን አልመለሰችለትም። «አቋሜን በመጀመሪያው ቃል ነው የነገርኩዎት። ምን ቀረ?»

«እሱ እኮ ነው ችግሩ። አንባቢው ገና አልተቀመጠም። ምናልባት ትናንት ለልጁ ስልክ የገዛ አባት ነው። መጀመሪያ ነገሩ ከምን እንደደረሰ ያሳዩት፤ ሰው ለምን እንደሚከራከርበት ይንገሩት። ለመስማት ሲዘጋጅልዎት ያኔ አቋምዎን ያስቀምጡለታል። መግቢያ ማለት ይኸው ነው።»

«መደምደሚያስ?»

«መደምደሚያ ያሉትን መልሶ መቁጠር አይደለም። አዲስ ነገር የሚጀመርበትም አይደለም። አንባቢው ‹እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን?› ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጡት መልስ ነው።»

ዓቢዳ አየችው። የሚለውን ከልቡ እንደሚያምንበት ያስታውቃል። ዓይኖቹ ደግሞ ያምራሉ። ሁለተኛው ነገር የበለጠ አናደዳት።

«ታዲያ የእርስዎ ጽሑፍ ለምን መደምደሚያ የለውም?» አለችና እሱ ራሱ ያደለውን የሥልጠና ጽሑፍ ከቦርሳዋ አወጣች። «መጨረሻው ገጽ ላይ ያለው የመጨረሻ ቃል ‹ወዘተ› ነው።»

ሙጃሂድ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለጠው። ጆሮው ቀላ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፎ ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ልጅ ነበር፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዓቢዳ ይዛው የመጣችውን ቁጣ ብትፈልገው አጣችው።

ሙጃሂድ የውርጌሳ ልጅ ነው። ቅዳሜ ከሥልጠናው በኋላ እናቱን ለማየት ይወርዳል፤ የውርጌሳ መኪና ደግሞ በመርሳ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ተራርቀው ተቀመጡ። ቀጥሎ ጎን ለጎን ሆኑ። «እርስዎ» መባባሉም ሲሪንቃ አካባቢ አንድ ቀን ቀረ፤ ማን እንደተወው ሁለቱም አያስታውሱም።

«አሁን ልምምድ» ይላታል መኪናው ሲነሳ። «የመርሳ ማንጎ ከሌላው ይበልጣል ወይስ አይበልጥም?»

«ይበልጣል።»

«መግቢያ፣ ዓቢዳ!»

«እሺ።» ትንሽ ታስባለች። «ማንጎ የሚባል ፍሬ አለ። የመርሳው ይበልጣል።»

ሙጃሂድ ፊቱን በእጁ ይሸፍናል። እሷ ደግሞ ወደ መስኮቱ ዞራ ለብቻዋ ትስቃለች። ዓቢዳ ቅዳሜን መጠበቅ የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ሰኞ ዕለት ክፍል ውስጥ ቆማ ቅዳሜ የምትነግረውን ነገር ስታጠራቅም ራሷን አገኘችው። እሷ፣ ቃል የማታባክነው፣ ስድስት ቀን ሙሉ ወሬ ታጠራቅማለች!

አንድ ቅዳሜ ሲሪንቃ ሳይደርሱ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ዛፍ ጥላ ሥር ተበተነ። ሹፌሩ ክሪክ ሊለምን ወደሚያልፉት መኪኖች እጁን ያወናጭፋል። ሙጃሂድ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዓቢዳ» አለ። «የሰው ልጅ ለብቻው እንዲኖር አልተፈጠረም።»

ለዓቢዳ ነገሩ ገባት። ሻሿን አስተካከለችና ጠበቀች።

«ከጥንት ጀምሮ» ቀጠለ ሙጃሂድ፣ «ሰው ጓደኛ ሲፈልግ ኖሯል። እናቴ እንደምትለው ደግሞ፣ አባቴ በሕይወት እያለ…»

ክሪኩ ተገኘ። የፈነዳው ጎማ ወረደ። ሙጃሂድ ከአባቱ ወደ ጎረቤቶቹ፣ ከጎረቤቶቹ ወደ ብቸኝነት፣ ከብቸኝነት ወደ ወልድያ የኪራይ ቤት ኑሮ ተሻገረ። አዲሱ ጎማ ገባ፣ ብሎኑ ጠበቀ። ሙጃሂድ ገና የትዕግሥትን ነገር እያብራራ ነበር ረዳቱ «ግቡ! ግቡ!» ያለው።

መኪናው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሹፌሩ የጎማውን ድምፅ ለማዳመጥ ዘፈኑን አጥፍቶታል።

«እና?» አለች ዓቢዳ።

«እናማ… ከላይ ለመግለጽ እንደሞከርኩት…»

«ሙጃሂድ። ትወደኛለህ ወይስ አትወደኝም?»

ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ዘፈኑ ያለ መስሏት ነበር። ዘፈን ግን የለም። ሚኒባሱ በሙሉ ፀጥ አለ። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባ።

«እወድሻለሁ» አለ ሙጃሂድ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ከኋላቸው ዶሮ ታቅፈው የተቀመጡ እናት። «እኔም ከዛፉ ሥር ጀምሮ ትንፋሼን ይዤ ነበር።»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ዓቢዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና እስከ መርሳ ቀና ሳትል ሄደች። ልትወርድ ስትል ግን ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እኔም» አለችውና ዘላ ወረደች።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዓቢዳ አባት ሐጂ ኡበይደላ ትልቅ የማንጎ ማሳ ያላቸው፣ ፍራፍሬ ጭነው እስከ ደሴና ኮምቦልቻ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አንድ የኮምቦልቻ ወዳጃቸው ለልጁ ለረዲ ዓቢዳን ጠይቋቸው ኖሯል። ረዲ ጨዋ ነው፣ የራሱ አይሱዙ አለው። ሐጂ ቃል አልሰጡም፤ ግን «ረመዳን ሳይገባ መልሴን ትሰማለህ» ብለዋል። ረመዳን ደግሞ እየተቃረበ ነው።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው ዓቢዳ ለሙጃሂድ በስልክ። «ቶሎ።»

የሙጃሂድ አባት ስላረፉ የቤተሰቡ አፍ አጎቱ ሼህ አብዱሰመድ ናቸው። ውርጌሳ ውስጥ እሳቸው ሳይናገሩ የታረቀ ሰው የለም ይባላል። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጁምዓ ሰግደው፣ ከሐጂ ኡበይደላ ሳሎን ተሰየሙ። ዓቢዳ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

ሼህ አብዱሰመድ አላህን አመስግነው ጀመሩ። የሐጂን አባት እንደሚያውቋቸው፣ አባትየው የሚቀመጡባትን በቅሎ ሳይቀር እንደሚያስታውሷት ተናገሩ። ስለ ዘንድሮው ዝናብ አነሱ፣ ካምናው ጋር አወዳደሩት። ሐጂ ደስ ብሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዓቢዳ አንድ እግሯን አሳርፋ በሌላው ቆመች፤ ከዚያ ለወጠችው። በመጨረሻ ሼሁ በመስኮቱ ወደ ማሳው ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐጂ፣ ይህ ቤት የተባረከ ቤት ነው። እንዲህ ያለ ፍሬ ከየትም አይገኝም። እኛም ከዚህ ቤት ፍሬ አንዲቱን ወስደን በእኛ ደጅ ብንተክላት፣ ብንንከባከባት፣ በእርጅናችን ጥላዋ ሥር ብናርፍ ብለን ነው አመጣጣችን።»

ዓቢዳ ዓይኗን ጨፈነች። ደረሰ።

ሐጂ ኡበይደላ በደስታ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ይህን ለመጠየቅ ነው እንዲህ የተጨነቃችሁት? አንዲቱን ብቻ? ወላሂ አንድ ብቻ አላስወስድም! ከየዓይነቱ ትወስዳላችሁ!» ወደ ጓሮ ተጣሩ። «ያን የተዳቀለውን የማንጎ ችግኝ አምጡ! ጥሩ ጥሩውን!»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሼህ አብዱሰመድ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሐጂ ግን ስለ ጉድጓዱ ጥልቀት፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ፍግ እያስረዱ ትከሻቸውን አቅፈው ወደ ደጅ ወሰዷቸው። ወዲያው ጸሐይ ጠለቀችና የመግሪብ አዛን ተሰማ። ተሰገደ፣ ተመራረቁ፣ ተለያዩ።

ሙጃሂድ መንገድ ዳር ጁስ ቤት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ባጃጇ በጎንና በጎኗ ቅጠል አውጥታ ስትመጣ አየና ሮጦ ወጣ።

«አጎቴ፣ ምን አሉ?»

«ሰጡን» አሉ ሼህ አብዱሰመድ ከቅጠሉ መሀል።

«አልሐምዱሊላህ!»

«ችግኝ።»

ያን ምሽት ዓቢዳና ሙጃሂድ በስልክ ተጣሉ። «የእናንተ ቤተሰብ ከመግቢያ አያልፍም!» አለችው። እሱም ተበሳጨ፤ «አንቺ ደግሞ የሰው ነገር የሚገባሽ ሲያልቅ ብቻ ነው» አላት። ስልኩ ተዘጋ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ ወልድያ አልሄደችም። አባቷ እራት ላይ የውርጌሳዎቹን ደግነት አነሱ፤ እግረ መንገዳቸውንም የኮምቦልቻዎቹ በመጪው ጁምዓ መልስ ሊሰሙ እንደሚመጡ ነገሯት። ሁልጊዜ ያሰበችውን የምትናገረው ልጅ ለአባቷ የሚሆን አንድ ቃል አጣች።

ማታ ማታ ቴሌግራሟን ትከፍታለች። ከሙጃሂድ ስም ሥር «እየጻፈ ነው» ይላል። ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል፣ ይጠፋል። ምንም መልእክት አይደርሳትም። አንድ ጊዜ «ጀምር በለው» ብላ ስልኩን ወቀሰችው፤ ከዚያ ትራሷ ውስጥ ፊቷን ቀብራ አለቀሰች።

በገበያ ቀን ሼህ አብዱሰመድ ብቅ አሉ። ሐጂ ማሳ ወርደዋል፤ የፍራፍሬ ሱቃቸው ውስጥ ያለችው ዓቢዳ ናት። ሼሁ አንድ የጠወለገ ቅጠል በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። ስለ ችግኙ ሊጠይቁ እንደመጡ ተናገሩ፤ ዓይናቸው ግን የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።

ዓቢዳ ወንበር አቀረበችላቸው። «ሼህ፣ ያን ቀን ለምን በቀጥታ አልተናገሩም?»

«በቀጥታ?» ሼሁ እውነትም ገረማቸው። «ልጄ፣ በቀጥታ የሚጠየቅ እኮ ዕቃ ነው። አንቺን እንደ ኩንታል ሽንኩርት ልጠይቅ? አባትሽ አንቺን ለማሳደግ ስንት ደክመዋል። ስጡኝ ከማለቴ በፊት ድካማቸውን ማየቴን ይወቁልኝ ብዬ ነው። ለማላከብረው ሰው ቢሆን ከበሩ ላይ ሆኜ ጨርሼ እመለስ ነበር።»

ሙጃሂድ በቀይ እስክሪብቶ ሲጽፍባት ያልገባት ነገር አሁን ገባት። ስታስበው፣ በሕይወቷ ማንንም ሰው ቁጭ በል ብላ ነገር ጀምራ አታውቅም።

ሼሁም ቅጠሉን እያገላበጡ አንገታቸውን ደፉ። «መውጫው ግን ጠፋኝ። አባትሽ በጣም ደስ አላቸው። ደስታቸውን ማፍረስ ከበደኝ።»

«ተመልሰው ይምጡ» አለች ዓቢዳ። «ከጁምዓ በፊት። ግን ፍሬ፣ ጥላ፣ ተክል የሚባል ነገር እንዳያነሱ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«ልጅዎን ለልጃችን።»

«እንዲሁ ራቁቱን?»

«አይ» አለች ቀስ ብላ። «ከመግቢያ ጋር። ግን ጸሐይ ሳትጠልቅ።»

ሼሁ ሲሄዱ ስልኳን አወጣችና ለሙጃሂድ ጻፈች። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሙጃሂድ። እንዴት ሰነበትክ? እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ወልድያ ሙቀቱ እንዴት ነው?»

ወዲያው ደወለ። «ዓቢዳ! ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል?»

«አላመመኝም» አለችው፤ እየሳቀች ታለቅሳለች። «መግቢያ ነው። ናፍቀኸኛል ልልህ ነበር።»

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎቹ መጡ። ሙጃሂድ በዚህ ጊዜ ጁስ ቤት መቀመጥ አልቻለም፤ አብሯቸው መጥቶ በራፉ ላይ ባጃጅ ውስጥ ቀረ። ሼህ አብዱሰመድ አመስግነው፣ አክብረው፣ አሳጥረው ወደ ነገራቸው ገቡ።

«ሐጂ፣ ዛሬ የመጣነው ስለ ችግኝ አይደለም።»

«ጠወለጉ እንዴ?» አሉ ሐጂ ደንገጥ ብለው።

«ኧረ በሕይወት አሉ፣ አንዱ ብቻ ትንሽ ቅጠሉ…»

«ውኃ አብዝታችሁበት ነዋ! ማታ ነው የምታጠጡት ወይስ ጧት?»

ሼሁ ማታ መሆኑን ተናገሩ። ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። ነገሩ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ምስጥ ሄደ። የሼሁ ግንባር አላበው። ዓቢዳ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ዕድሏ እንደገና በቦይ ሲፈስ ሰማችው። መጋረጃውን ገለጠችና ወጣች።

ሴት ልጅ ሽማግሌ በተቀመጠበት እንዲህ አትገባም። ሐጂ «ዓቢዳ?» አሉ።

«ሙጃሂድን ነው የማገባው» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። የአባቷን እጅ አየች፤ በማንጎ ሙጫ የጠቆረውን፣ የተሰነጣጠቀውን።

«አባ» አለች። «ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ ሰው ሁሉ ‹ለሴት ይበቃታል› ሲልዎት፣ እርስዎ በጭነት መኪና ጋቢና አስቀምጠው ወልድያ ወስደው አስመዘገቡኝ። መንገዱን በሙሉ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ስወርድ ብቻ ‹እንዳታፍሪ› አሉኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አፍሬ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ነገር ከሌላ ሰው አፍ እንዲሰሙት አልፈለግሁም።»

ሐጂ አልተንቀሳቀሱም።

«እነዚህ አባቶች ያን ቀን የመጡት ችግኝ ፍለጋ አልነበረም። እኔን ፍለጋ ነው። የሼህ የወንድም ልጅ፣ ሙጃሂድ፣ ወልድያ መምህር ነው። ረዲ ክፉ ሰው አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ሀብትም አለው። ሙጃሂድ ያለው ደመወዙና ብዙ ወሬ ነው። ግን እኔ ስናገር ሰው ይሸሻል፣ አባ። እሱ ጠጋ ብሎ ‹ድገሚልኝ› ይላል። እወደዋለሁ። የመጨረሻውን ቃል ግን እኔ አልናገረውም። የእርስዎ ነው።»

ሐጂ ቀስ ብለው ወደ ሼህ አብዱሰመድ ዞሩ።

«‹ከዚህ ቤት ፍሬ አንዲቱን› ያሉኝ…»

«አዎ፣ ሐጂ።»

«እኔም ‹አንድ ብቻ አላስወስድም፣ ከየዓይነቱ› አልኩ።»

«ብለዋል» አሉ ሼሁ ወለሉን እያዩ።

የሐጂ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓቢዳ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። ሐጂ ግን እየሳቁ ነበር፤ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ሽማግሌዎቹም የያዙትን ለቀቁት። ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ልጁ የታለ?»

ሙጃሂድ ተጠርቶ ገባ። ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ በመቆየቱ ሸሚዙ ተጨማድዷል። ሐጂ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መምህር ነህ፣ ወሬም ታበዛለህ አሉኝ። እስቲ ንገረኝ፤ ልጄን እንዴት ልትይዛት ነው?»

ሼህ አብዱሰመድ በፍርሃት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙጃሂድ እጆቹን ወደፊት ዘረጋ፣ አፉን ከፈተ። ቃል አልወጣም። ዓቢዳን አየ። ሐጂን አየ። ዓይኖቹ በእንባ ሞሉ፤ የተዘረጉት እጆቹ ባዶ እንደሆኑ ቀሩ። ዓቢዳ ከዚህ ሰው ብዙ ቃል ሰምታለች፤ እንዲህ በአንዴ ሁሉንም ሲነግራት ግን የመጀመሪያው ነው።

«ገባኝ» አሉ ሐጂ በለሰለሰ ድምፅ። «ለኮምቦልቻዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ። ቃል አልሰጠኋቸውም።»

ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ወደ ላይ ዘረጉ። ሽማግሌዎቹም ዘረጉ፣ ሙጃሂድም።

«ያ አላህ» ሲሉ ጀመሩ ሐጂ።

«አሚን!» አለች ዓቢዳ።

ሐጂ እጃቸውን ሳያወርዱ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩዋት።

«ቆይ እንጂ፣ ልጄ» አሏት። «ገና መጀመሬ ነው።»